በቤት መኪና የሚዞረው ጡረተኛና ለጥምቀት ጎንደር የሚገባው ዘመድ

አሜሪካ ውስጥ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው በቤት መኪና እየዞሩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። መኪናዋ መኝታ፣ ማድቤት፣ መታጠቢያና ማቀዝቀዣ አላት፤ አርቪ ይሏታል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እንደ እኛ አባቶችና እናቶች ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ በቀን አራትና አምስት ዓይነት ኪኒን የሚውጡ ናቸው። ከሐኪማቸው ሺህ ማይል ርቀው ቢታመሙም ብዙ አይደናገጡም፤ መንገድ ላይ መታመም እንዳለ አስበው፣ ወረቀቱንም መድኃኒቱንም አሰናድተው ነው የሚነሱት። ለጥምቀት ጎንደር የሚገባው የእኛ ሰው ደግሞ ለዘመድ አዝማድ የሚሆን ጫማና ልብስ በሁለት ሻንጣ ጠቅጥቆ፣ የሚውጣቸው መድኃኒቶች የተጻፉባት አንዲት ወረቀት ሳይዝ አውሮፕላን ይሳፈራል። ልዩነቱ የሚታወቀው በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ነው። በቀላሉ ሊቀር የሚችል ጣጣ በመሆኑ ያሳዝነኛል።

የእነዚያ ዘዋሪዎች የመጀመሪያ ሥራ ኢንሹራንሳቸው የት ድረስ እንደሚከተላቸው ማወቅ ነው። ነባሩ ሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) በየትኛውም ክፍለ ግዛት፣ እሱን በሚቀበል ሐኪም ዘንድ ሁሉ ይሠራል። በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አካባቢ ሐኪሞች የታጠረ ነው፤ ከዚያ ውጭ ድንገተኛውን ይሸፍናል እንጂ መደበኛውን ክትትል ላይሸፍን ይችላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው ሜዲኬይድ የክፍለ ግዛቱ ስለሆነ ድንበር ሲሻገሩ ከድንገተኛ ሕክምና አልፎ ብዙም አይሄድም። ቋሚ ቤት የሌላቸው ዘዋሪዎች አድራሻቸውን ብዙ ጊዜ በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳ ወይም በሳውዝ ዳኮታ ያስመዘግባሉ፤ ሦስቱም የገቢ ግብር አይጠይቁም። ግን የግል ኢንሹራንስ የሚገዛው በአድራሻ ስለሆነ ለግብር የተመቸው ክፍለ ግዛት ለሕክምና ላይመች ይችላል። የቪዲዮ ሕክምናም ወጥመድ አለው፤ ሐኪሙ ፈቃድ ሊኖረው የሚገባው ታካሚው በዚያች ሰዓት በሚገኝበት ክፍለ ግዛት ነው። አንድ ነገር ግን ያስቀናል። በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የሜዲኬር ክፍያ የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉ የደረሰን ሰው ሳይመረምርና ሳያረጋጋ “ክፍያህን አሳይ” ብሎ መመለስ አይችልም። ሂሳቡ በኋላ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ያስደነግጣል።

ውቅያኖሱን ሲሻገሩ ይህ ሁሉ ይቆማል። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ሜዲጋፕ የሚባለው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካለ፣ ከዓይነቶቹ አንዳንዶቹ (ለምሳሌ ጂ እና ኤን) በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ የደረሰን ድንገተኛ ሕመም፣ የመጀመሪያው 250 ዶላር ከታካሚው ኪስ ከወጣ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። ስለዚህ የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል። ሲገዛ የሚጠየቀው ይህ ነው። የቆየ ሕመምን ይሸፍናል ወይ? ብዙዎቹ የሚሸፍኑት ለጉዞው መጀመሪያ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ሲገዛ ነው። በአውሮፕላን ማውጣትን ይጨምራል ወይ? ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ በአየር አምቡላንስ መመለስ ከ100,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የሚኖሩበት አገር መንግሥት “አትሂዱ” ብሎ ባስጠነቀቀበት ቦታ ይሠራል ወይ? ባለፉት ዓመታት የአማራ ክልል ሁኔታ ምን እንደነበር የታወቀ ነው። ይህን አንቀጽ ሳያነቡ ገንዘብ መክፈል ከንቱ ነው።

አሁን ወረቀቷ። አንድ ገጽ ትበቃለች። የሕመሙ ስም፣ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ከነዓመቱ፣ የማይስማማ መድኃኒት፣ የደም ዓይነት፣ የቅርብ ተጠሪ ስልክ፣ ከዚያ የመድኃኒቶቹ ዝርዝር ከነሚሊግራማቸው። መድኃኒቱ በንግድ ስሙ ሳይሆን በዋና ስሙ ይጻፍ። የደም ግፊቱን ኪኒን ኖርቫስክ ብሎ ጎንደር ፒያሳ ፋርማሲ ከመጠየቅ አምሎዲፒን ማለት ይሻላል። አሜሪካ ታይለኖል የሚባለው ጎንደር ፓራሲታሞል ነው፤ ይህን ባለማወቅ ሁለቱንም ደርቦ የሚውጥ ሰው ጉበቱን ይጎዳል። ከካናዳ፣ ከእንግሊዝ ወይም ከስዊድን የሚመጣ የስኳር ታማሚ ሌላም ይጠንቀቅ፤ እዚያ ስኳር የሚለካው በሚሊሞል ሲሆን ኢትዮጵያና አሜሪካ በሚሊግራም ነው። የሚሊሞሉን ቁጥር በ18 ማባዛት ነው፤ 7 የነበረው 126 ይሆናል። “ስኳሬ 9 ነው” ያለ ሰው 162 ማለቱ እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ነገሩ ሌላ ይመስላል።

ወረቀቷ ጎንደር ላይ ይበልጥ የምትጠቅምበት ምክንያት አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ1954 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የበቀለ፣ እስከ ዛሬም የሚያስተምር ሆስፒታል ነው። ታማሚውን ተማሪው ይጠይቀዋል፣ ኢንተርኑ ይጠይቀዋል፣ ሬዚደንቱም ይጠይቀዋል። አንዳንድ ዲያስፖራ በዚህ ይበሳጫል፤ እኔ ግን ብዙ ዓይን ማየቱን እወደዋለሁ። የሕክምና ማስታወሻው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወረቀቷን ማስተርጎም አያስፈልግም፤ ሲወጡም የሕክምና ማጠቃለያውን ከነማህተሙ፣ ደረሰኞቹን ደግሞ አንድም ሳይቀሩ ይዞ መውጣት ነው። ውጭ ያለው ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚመልሰው በእነዚህ ነው።

አካሄዱን ለማያውቅ ልንገር። ካርድ ይወጣል፣ ትሪያጅ (የሕመሙ አጣዳፊነት የሚለይበት ቦታ) ላይ ግፊትና ሙቀት ይለካል፣ ሐኪሙ ምርመራ ያዛል፣ የታዘዘው ክፍያ መስኮት ተከፍሎ ደረሰኙ ለላቦራቶሪ ይሰጣል፣ ውጤቱ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል፣ መድኃኒት ይታዘዛል። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ከሌለው “ውጭ ግዙ” ይባላል። ይህን ሁሉ የሚሮጠው አስታማሚው ነው። አሜሪካ ላይ ነርሷና አስተባባሪዋ የሚሠሩትን ግማሹን እዚህ የአክስት ልጅ ይሠራዋል። ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ አልጋው አጠገብ፣ አንዱ ለሩጫ። ሯጩ ቴሌብሩ ላይ ብር ያለው፣ ፋርማሲዎቹንም የሚያውቅ ይሁን። በውጭ ባንክ ካርድ መተማመን አያዋጣም። ቀጠሮ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት እንደሚሰጥም ውጭ ተወልደው ላደጉት ልጆች ይነገራቸው፤ 3 ሰዓት ማለት ለእነሱ ጠዋት 9 ነው። የመድኃኒቱ ማብቂያ ቀን ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የሚታተመው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ከመነሳት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ፋርማሲውን “ለጉዞ ነው፣ የ90 ቀን ሙሉልኝ” ማለት ይገባል፤ በእጅ ሻንጣ፣ ከነዋናው ብልቃጡ። ኢንሱሊን ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል። የቤት መኪና ነዋሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣቸው መኪናዋ ያዘነበለ ቦታ ከቆመች በደንብ ስለማይቀዘቅዝ ውስጡ ቴርሞሜትር ያስቀምጣሉ። ጎንደር ላይ የሚያስቸግረው የመብራት መጥፋት ነው፤ ያው ቴርሞሜትር እዚህም ይጠቅማል። ኢንሱሊኑ ከበረዶው ክፍል ጋር አይነካካ፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ተበላሽቷል። የስኳር መለኪያ ወረቀት ለየራሱ መለኪያ ብቻ ስለሚሠራ ለጉዞው የሚበቃው በሙሉ ከዚያው ይምጣ። በመኝታ ሰዓት የመተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ገመዱ ላይ “100-240” የሚል መኖሩን ይይ፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ኔቡላይዘር (የአስም መድኃኒትን ወደ ጭጋግ ቀይሮ የሚያስተነፍስ መሣሪያ) ግን ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፣ ከ220 ጋር ሲገናኝ ይቃጠላል።

በከተራና በጥምቀት ቀን በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ መኪና እንደልብ አይንቀሳቀስም፣ አምቡላንስም ጭምር። ሽማግሌዎች በቀላሉ በእግር መውጣት በሚችሉበት የሕዝቡ ዳር ቢቆሙ ይመረጣል። ጾሞ የቆመ የስኳር ታማሚ ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ግን መኪና ያለው ጎረቤት ስልክም አብሮ ይያዝ።

ከበዓሉ ማግስት መኪና ተከራይቶ ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት የተለመደ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ የሚቀረው ከፍታው ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከተራሮቹ ማደሪያ ካምፖች ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,600 ይደርሳል። ከባሕር ጠረፍ ከተማ መጥቶ በሦስተኛው ቀን ጨነቅ ማደር ራስ ምታትና ማስመለስ ይጠራል። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ቦታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ፣ ሐኪም ከፈቀደም የከፍታ ሕመም መከላከያውን አሴታዞላማይድ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ መውሰድ ነው። ዐርፎ ተቀምጦ የሚያለከልክ ወይም እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ ሰው ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ዝቅ ብላ ወደምትገኘው የደባርቅ ከተማ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ነው።

ወደ ደምቢያ ወይም ወደ መተማ ዘመድ ጥየቃ የሚወርድ ደግሞ ወባን ያስብ። “እዚያው ተወልጄ አድጌ” ማለት አያድንም፤ ልጅነት የሰጠው መቋቋም ውጭ ሲቆዩ ይጠፋል፣ ውጭ የተወለዱት ልጆችማ ጭራሹኑ የላቸውም። የመከላከያ ኪኒኑ ከመሄድ በፊት ይጀመራል፣ ከተመለሱም በኋላ እንደየዓይነቱ ለአንድ ወይም ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። ቪቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ዴንቨር ወይም ቶሮንቶ ከገቡ በኋላ ትኩሳት ከያዘ፣ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው “ወባ ካለበት አገር መጥቻለሁ፣ ደሜ ዛሬውኑ ይታይልኝ” የሚለው ነው፤ ካልነገሩት ጉንፋን ነው ብሎ ይመልሳል።