ፈረንሳይኛ ከአንደኛ ክፍል ይጀመር፤ ከዚያስ?

«ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል» ይባላል። ፈረንሳይኛን ከአንደኛ ክፍል እናስተምራለን የሚል ትምህርት ቤትም ወላጅን የሚያሳምነው በዚሁ አባባል ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሚሠራው ቋንቋው በቤቱና በሰፈሩ ሲነገር ውሎ ለሚያድር ልጅ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ለሚማር ልጅ ስንጠቅሰው ግን ማታለል ይሆናል።

ይህ ከተፈተነ ቆይቷል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፈረንሳይኛ በ8 ዓመት ዕድሜ እንዲጀመር ሰፊ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ልጆቹን ለዓመታት ተከታትሎ በ11 ዓመታቸው ከጀመሩት ጋር ያነጻጸረው ጥናት በ1974 ታተመ። ቀድመው የጀመሩት ጎልቶ የታየ ብልጫ የነበራቸው በማዳመጥ ብቻ ነበር፤ በቀረው ዘግይተው የጀመሩት ደርሰውባቸዋል። ከዚያ በኋላ መንግሥት ነገሩን ገፍቶ አልሄደበትም። እንግሊዝ የውጭ ቋንቋን ከ7 እስከ 11 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ግዴታ ያደረገችው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2014 ነው።

በካናዳ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ሞንትሪያል አጠገብ ባለችው ሴንት ላምበርት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ትምህርት ቤቱን ወጥረው ይዘው፣ በ1965 ልጆቻቸው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በፈረንሳይኛ የሚማሩበት ክፍል አስከፈቱ። ሒሳቡም ጨዋታውም በፈረንሳይኛ ሆነ። ተመራማሪዎች ሲከታተሏቸው እንግሊዝኛቸውም ሒሳባቸውም አልተጎዳም፤ ፈረንሳይኛ ሰምተው በመረዳት በኩልም በቋንቋው አፋቸውን ወደፈቱ ልጆች ተጠግተዋል። ሆኖም በዚህ መንገድ የተማሩ ልጆች እንኳ ሲናገሩ የስሞችን ጾታ ማሳሳታቸው ለዓመታት አይለቃቸውም። ቀኑን ሙሉ የተማረ ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ከሚማረው ምን እንጠብቅ?

እስቲ እናስላው። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በዓመት 36 ሳምንት ቢሆን በአራት ዓመት 144 ሰዓት ነው። በቀን 5 ሰዓት በፈረንሳይኛ የሚማር ልጅ ይህን ያህል የሚያገኘው ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ነው።

ታዲያ ፈረንሳይኛ ለትንንሾች አይሰጥ ማለቴ ነው? አይደለም። ያቺ የማዳመጥ ብልጫ ቀላል አይደለችም፤ በተለይ በፈረንሳይኛ። ድምፁና ጽሑፉ የተራራቁ ቋንቋ ነው። «ይናገራል» ለማለት «ኢል ፓርል» ይባላል፤ «ይናገራሉ» ለማለትም እዚያው «ኢል ፓርል» ነው። ልዩነቱ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው፤ የማይነበቡ ፊደላት መጨረሻው ላይ ይደረደራሉ። ነገሩን አስቀድሞ በጆሮው የለመደ ልጅ ጽሑፉን ሲያይ «ለካ እንዲህ ነው የሚጻፈው» ብሎ ያልፋል። ከደብተር የጀመረው ግን ያየውን ፊደል ሁሉ እየጠራ «ኢልስ ፓርለንት» ይላል። እያንዳንዱ ፊደል የሚነበብበት ጽሕፈት ለለመድን ለእኛ ደግሞ ይህ ወጥመድ ይብሳል። በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በሰባት ዓመት ያለ ሐፍረት ይኮረጃሉ፣ በአሥራ አራት ዓመት ግን ክፍሉ ስለሚስቅ አፍ ይያዛል።

ስለዚህ የሚያናድደኝ፣ ይህን ዕድል ይዘን የምንሠራበት ሥራ ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ «መሆን» የሚለውን ግስ በስድስት መደብ ከሰሌዳ ገልብጦ፣ በቃሉ አጥንቶ ይፈተንበታል። ወላጅም ደብተሩ ሲሞላ ደስ ይለዋል። መምህሩ ግን «ዣክ አ ዲ» የተባለውን ጨዋታ ቢያጫውታቸው ይሻል ነበር። መምህሩ «ዣክ እንዲህ ብሏል፣ አፍንጫችሁን ንኩ» ሲል ልጆቹ ይነካሉ፤ «ዣክ ብሏል» ሳይል ካዘዘ የነካው ከጨዋታው ይወጣል። አንድም ቃል ሳይናገሩ የአካል ክፍሎችን ስምና ትእዛዝ መስጫውን ግስ ይለምዳሉ። ከደብተር ጋር የሚያያዝ ማስረጃ ስለሌለው ግን «ሲጫወቱ ዋሉ» ይባላል። የነገር ስምም ሲማሩ «ታብል» (ጠረጴዛ) ብቻውን አይሰጣቸው፤ የሴት ጾታ መሆኑን ከሚያሳየው «ላ» ጋር «ላ ታብል» ተብሎ እንደ አንድ ቃል ይያዝ። ጾታው በኋላ በሕግ ከሚሸመደድ አሁን ምላስ ላይ ይቅር።

ለዚህ የሚያስፈልገው መምህር ዲግሪው ከፍ ያለ ላይሆን ይችላል፤ አነጋገሩ ግን የጠራ መሆን አለበት። ትንንሾቹ ስሕተቱንም እንዳለ ይቀዳሉና። እንዲህ ያለ መምህር ከሌለ የተቀዳ ድምፅ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ማሰማት በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ድግግሞሹ ነው ቁም ነገሩ።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን የተቀባዩ ጉዳይ ነው። ልጁ አራት ዓመት ተምሮ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሲያልፍ ፈጽሞ ካልተማሩት ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ከ«ቦንዡር» ይጀምራል። መጀመሪያ ይኮራል፣ ከዚያ ይሰለቻል፣ ሦስተኛው ወር ላይ ጀማሪዎቹ ይደርሱበታል። ከፍ ያሉ ልጆች ሕግን ቶሎ ስለሚረዱ በጥቂት ሰዓት ብዙ ይሄዳሉ፤ በባርሴሎና በእንግሊዝኛ ላይ ለዓመታት የተደረገው ጥናትም እኩል ሰዓት ከተማሩት መካከል ዘግይተው የጀመሩት እንደሚበልጡ አሳይቷል። ላኪው መምህር ልጁ ሰምቶ የሚረዳውንና መናገር የሚችለውን በአንድ ገጽ ጽፎ ቢልክ፣ ተቀባዩም ክፍሉን በሁለት ቢከፍል ብዙ ድካም ይድን ነበር። ለዚህ ግን ሁለቱ መምህራን መተዋወቅ አለባቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው የማይተዋወቁ አሉ።

ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ፈረንሳይኛ በስንተኛ ክፍል እንደሚጀመር ይጠይቃል። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሰጥና ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ማን እንደሚረከበው ቢጠይቅ የተሻለ ነገር ያውቃል። ለእነዚህ መልስ የሌለው ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛውን አምስተኛ ክፍል ላይ ጀምሮ ክፍለ ጊዜውን እጥፍ ቢያደርገው እመርጣለሁ። ለማስታወቂያ እንደማያምር አውቃለሁ።