አምባሰል የት ላይ ያርፋል?

ጳጉሜ ሲመጣ የዓመቱ ተወዳጅ ዘፈን፣ ሥዕልና መጽሐፍ ይመረጣል። የኔ የዘንድሮ ምርጫ ሁሉም ከወሎ ነው፤ አዲስ የወጣ ግን አንድም የለበትም። ደጋግሜ የተመለስኩት ወደ ዘፋኟ ማሪቱ ለገሠ አምባሰል፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የብራና ወንጌልና ወደ መንዙማ ነው። ሦስቱም ኪቦርድ፣ ፎቶና ኅትመት ብቻቸውን የማይሸከሙት ነገር አላቸው።

ከሙዚቃው ልጀምር። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ ከሚሠራባቸው የድምፅ መሰላሎች፣ ባቲና አምባሰል የተጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። አምባሰልን ከትዝታ መለየት ብዙ ጀማሪ ያስቸግራል፤ አይፈረድበትም። ትዝታ ማይነር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። አምባሰል ከሶል ሲነሳ ደግሞ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አምስቱ ድምፆች እነዚያው ናቸው። የክራሩን አንድም ክር ማጥበቅ ወይም ማላላት አያስፈልግም። የሚለወጠው ማረፊያው፣ ዜማው ተመልሶ የሚያበቃበት ድምፅ ነው፦ ትዝታው ዶ ላይ ያርፋል፣ አምባሰሉ ሶል ላይ። ሶልና ላ ፍላት በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚራራቁ ዜማው ወደ ማረፊያው የሚወርደው ተጠግቶ፣ ተጭኖ ነው። ያ የአምባሰል እንጉርጉሮ ሆድ የሚያባባው እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ኪቦርዲስቱ አምስቱን ድምፅ ሰምቶ ከሥር የዶ ማይነር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያነጥፋል፤ ቤዙም ዶን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ዘፋኟ ሶል ላይ ብታርፍም ጆሮ ዶን ይጠብቃል፤ አምባሰሉ ትዝታ ሆኖ ቁጭ ይላል። መፍትሔው ቤዙን ሶል ላይ ማቆም፣ ኮርድ መቀነስ፣ በተለይ የግጥሙ ቤት በሚዘጋበት ቦታ ምንም ኮርድ አለማስገባት ነው። ሌላው ጥፋት ኦቶቱን፣ የዘፋኝን ድምፅ የሚያርመው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱ ጭራውን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ስለዚህ ድምፁ ይንሸራተታል። የወሎ ዘፋኝ ጉሮሮም እንደዚያው ነው። ፕሮግራሙ ያንን መንሸራተት ስህተት ነው ብሎ ወደ ቅርቡ ኖታ ይጎትተዋል። የማሪቱን አምባሰል ዓመቱን ሙሉ ያልጠገብኩት ይህ መንሸራተት ስላልተነካ ነው።

የሐይቁ ወንጌል ከገዳሙ አበምኔት ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የወረደ ነው፤ የተጻፈው በ1280/81 እ.ኤ.አ. ነው። የእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ፎቶ በስልክ ሲዘዋወር ደስ ይለኛል፤ ግን ፎቶው ቆዳውን አያሳይም። ብራና ሁለት ፊት አለው። የሥጋው ፊት ነጣ ይላል፣ የጠጉሩ ፊት ጠቆር። ፋቂው ስብ ካስቀረበት ቀለም አይይዝም። ከጥላሸት የተሠራው ጥቁር ቀለም ደግሞ ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ ቅጠሉ በታጠፈ ቁጥር ፊደሉ ይረግፋል። መጽሐፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግቶ ለፎቶ መጫን እንደ ነውር ሊቆጠር ይገባል።

ከመጽሐፍ ወገን የመረጥኩት የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ያሳተሙትን ነው። የአገሩ ሸሆች ሃይማኖቱን በማስተማርና በማስፋፋት የነበራቸውን ድርሻ በጥንቃቄ ያሳያል። እሱን ያነበበ ሰው መንዙማን እንደ በዓል ማድመቂያ ብቻ አይሰማም። ቆየት ያለው የአማርኛ መንዙማ በዓጀም፣ ማለትም በዓረብኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። የዓረብኛ ሦስት አጭር አናባቢ ምልክቶች የአማርኛን ሰባት ድምፆች ስለሚሸከሙ፣ ግጥሙን በቃሉ የማያውቅ ሰው ወደ ግዕዝ ፊደል ሲገለብጠው ቤቱ ይሰበራል፣ ቃሉም ሌላ ይሆናል። መንዙማ ለማሳተም ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያዜሙትን ሸህ ፊት ቁጭ ብሎ ይቅረጽ፣ ተቀባዮቹንና ድቤውን ጨምሮ። ከዚያ እጅ ጽሑፉን በቅጂው እያዳመጠ ይገልብጥ።