የ14 ሳምንት መልስ፣ የዓመታት መድኃኒት

ድራቬት ሲንድሮም የሚባል፣ በሕፃንነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ የምታሳድግ እናት እንቅልፍ የላትም። ትንሽ ትኩሳት ብቻ ልጇን ሊጥለው ይችላል። ተኝቶ በዚያው የሚቀርም ልጅ አለ። ይህችን እናት አዲስ መድኃኒት ሲገኝ "አሥር ዓመት ይጠና፣ ታገሺ" ማለት ጭካኔ ነው። የኔ ጥያቄ ልጁ መውሰድ ከጀመረ በኋላ ስላለው ነው።

ፌንፍሉራሚን ድሮ የውፍረት መቀነሻ ነበር። የልብ ቫልቭ እንደሚጎዳ ሲታወቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ቤልጂየም ውስጥ ግን ጥቂት ሐኪሞች መጠኑን አሳንሰው ለድራቬት ታማሚዎች ይሰጡ ነበር፤ ልባቸውንም በአልትራሳውንድ እያዩ ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ2012 የ12 ታማሚዎችን ውጤት አሳተሙ። በኋላ በተደረገ የ14 ሳምንት ሙከራ ልጆቹን የሚጥላቸው ጊዜ በእጅጉ ቀነሰ። አሜሪካ በ2020 ስትፈቅደው፣ ከመጀመሩ በፊት፣ በየ6 ወሩና ከቆመ በኋላ ልብ እንዲመረመር ግዴታ አደረገች። ትክክል ነው። 14 ሳምንት ስለ ልብ ቫልቭ ብዙ አይናገርም።

ቪጋባትሪን በሚባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ላይ ጥንቃቄው ዘግይቶ ነው የመጣው። እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው በ1989 ነው። የጎን እይታን እንደሚያጠብ ሪፖርት የወጣው በ1997። ስምንት ዓመት ሙሉ! የጠፋው እይታ ደግሞ አይመለስም። ፊት ለፊት ያለው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ታማሚው ራሱ ላያውቀው ይችላል። አዋቂ ሰው የጎን እይታ መመርመሪያ መሣሪያው ፊት ተቀምጦ "አሁን ብርሃኑ ታየኝ" ይላል። የስምንት ወር ሕፃን ምን ይበል? አድጎ ትከሻውን ከበሩ መቃን ጋር ሲያጋጭም እናቱ "ገና መራመድ እየለመደ ነው" ብላ ታልፈዋለች።

መድኃኒቱ ይቅር አላልኩም። ሌላው ሁሉ እንቢ ያለውን የጨቅላ የሚጥል በሽታ የሚያስቆምበት ጊዜ አለ፣ ዛሬም የሚታዘዘው ለዚያ ነው። ግን ከመድኃኒቱ የሚያተርፈው ኩባንያ ልጁ እስከወሰደው ድረስ፣ ካቆመም በኋላ፣ የዓይኑንና የልቡን ምርመራ ወጪ ይሸፍን። ቤተሰቡ ላይ አይጣል።

የእናቶቹም ደብተር ይቆጠር። ብዙዎቹ ልጁን የጣለውን ቀንና ሰዓት ይጽፋሉ፣ በስልክም ይቀርጻሉ። እዚያው ላይ እንቅልፉ፣ የምግብ ፍላጎቱ፣ ከዕቃ ጋር መጋጨቱ ይጨመር። ያንን ደብተር በየወሩ የሚያነብ ሰውም ደመወዝ ተከፍሎት ይቀጠር።