እማማ፣ ዘይቱን ትንሽ ከፍ!

ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ነው የመጣሁት። ሁሌ መተቸት ደግ አይደለም። በየቤተክርስቲያኑ ያላችሁ የማዕድ ማጋራት ኮሚቴዎች፣ ተባረኩልን! በተለይ ካሜራ የያዝከው ወንድማችን።

ድሮ እኮ ሰው ጨለማን ተገን አድርጎ ነበር እህል የሚያደርሰው። ተቀባዩ ማን እንደሰጠው ስለማያውቅ ምስጋናው በቀጥታ ወደ እግዜር ይሄዳል። ለሰጪው ምንም አይተርፈውም። ኪሳራ ነበር! አሁን ግን ሰልጥነናል።

የፋሲካ ዋዜማ ነው እንበል። እናቶች ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። እቃው መጥቷል፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ የቀረው የክብር እንግዳው ብቻ ነው፤ የክብር እንግዳ ደግሞ በሰዓቱ ከመጣ ክብሩ ምኑ ላይ ነው፣ ስለዚህ አምስት ሰዓት ይሆናል። ጸሎት። ንግግር። ሌላ ንግግር። የሰጪዎች ስም ዝርዝር፣ ከነጭብጨባው። ከዚያ አንዲት እናት ይጠራሉ። አምስት ሊትር ዘይት፣ አንድ ፌስታል ዱቄት፣ አንድ ዶሮ። "እማማ፣ ዘይቱን ትንሽ ከፍ! ወደዚህ ይዩ! ፈገግ!" ፓስተሩ የጀሪካኑን እጀታ በአንድ በኩል፣ የክብር እንግዳው በሌላ በኩል ይይዛሉ። ዶሮዋ ግን አሻፈረኝ አለች፣ ካሜራውን አታይም። ፎቶው አልጠራም ተባለና እማማ ዘይቱን መልሰው ሰጡ፣ እንደገና ተቀበሉ። አንዱ ዘይት ሁለቴ ተሰጠ። ከአምስቱ እንጀራ ወዲህ እንዲህ ያለ መብዛት አልታየም።

ስለ አምስቱ እንጀራ ካነሳን ዘንዳ፣ ጌታ ራሱ በሚዲያ በኩል ብዙም አልሠራበትም (አትቆጡኝ፣ ለንጽጽር ነው)። ሴትና ሕፃን ሳይቆጠር 5,000 ወንድ አብልቶ አንድ ባነር አላሠራም። ሰዉን ሳር ላይ አስቀመጠ፣ ደቀ መዛሙርቱ አደሉ፣ ሁሉም ጠገበ፣ ትርፍራፊው 12 መሶብ ተነሳ፣ አለቀ። ሕዝቡ ሊያነግሠው ሲነሳ ደግሞ ብቻውን ወደ ተራራ ሸሸ። የእኛ ሰው ቢሆን መጀመሪያ "ላይቭ ገብተናል?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለምጻሙን ፈውሶ "ለማንም አትናገር" አለው። ይህን የሰማ የሚዲያ ክፍል በማግስቱ መልቀቂያ ያስገባል።

ስትመጸውቱ መለከት አታስነፉ ያለውን ግን እናከብራለን። አንድም ቀን መለከት አስነፍተን አናውቅም። ድሮን ነው ያስነሳነው።

የገቢ ማሰባሰቢያውም እንደዚያው ነው። "መቶ ሺ ብር!" ሲባል አዳራሹ በእልልታ ይቀልጣል፤ ሃምሳ ብር የሰጡት ደግሞ በጅምላ "ሌሎቻችሁም ጌታ ይባርካችሁ" ይባላሉ። ጌታ በቤተ መቅደሱ የገንዘብ ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሁለት የናስ ሳንቲም የጣለችውን መበለት ነበር ከሁሉም አብልጣ ሰጠች ያለው። ጥሩ የመድረክ መሪ አጠገቡ ስላልነበረ ነው።

ቅሬታ አያያዛችንም ሊደነቅ ይገባል። አንዷ እናት "ባለፈው በዓል ተዘለልኩ" ካለች ምስጋና ቢስ ናት፣ አለቀ። በሐዋርያት ዘመን ግን ነገሩን ያካብዱት ነበር። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ መበለቶች በየዕለቱ ማዕድ ተዘለሉ የሚል ማጉረምረም ተነሳ፤ ሐዋርያቱ "ዝም በሉ" በማለት ፋንታ ጉባኤውን ሰብስበው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። እነ እስጢፋኖስ፣ እነ ፊልጶስ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ያጉረመረመውን ወገን ራሱን አዳይ አደረጉት እንደማለት። እስቲ አሁን ከዕርዳታ ተቀባዮቹ አንዷን ኮሚቴ ውስጥ አስገቡ ቢባል ማን ይሰማል? ደግሞስ እሷ ኮሚቴ ከገባች ፎቶው ላይ ዘይት ማን ሊቀበል ነው?

አንዳንድ አዛውንት የደርግን ጊዜ እያነሱ ያስቸግሩናል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተክርስቲያንን ዘግቶ፣ ንብረቷን ወርሶ፣ መሪዎቿን ሲያስር አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ምን መድረክ አለ! በየሰው ቤት ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው ነበር የሚጸልዩት። የሰጪ ስም ተጠርቶ ቢጨበጨብ ጎረቤት ይሰማል፣ ጎረቤት ከሰማ ቀበሌ ይሰማል። ሻይ ያፈላችው፣ ቤቷን የከፈተችው፣ የጎደለበትን አይታ ያካፈለችው ሁሉ ያለ ፎቶ ቀረች። በ1983 ደርግ ወድቆ በአደባባይ ሲቆጠሩ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። አንድም ፖስት ሳይለቁ! እኔ በበኩሌ ይህንን ለወጣቱ ባናወራ ይሻላል እላለሁ፣ ሳውንድ ሲስተሙን ገና ገዝተን አልጨረስንም።

ለማንኛውም አንድ አሳሳቢ ጉዳይ አለ። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እህት በሽታ ላይ ላሉ ጎረቤቷ በየሳምንቱ ሽሮ ሠርታ ታደርሳለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ አንዳንዴ ቁጭ ብላ ስታጫውታቸው ታመሻለች ተብሎ ተሰማ። ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት ፎቶ ተጠየቀች፣ የላትም። ቢያንስ ከሽሮው ጋር አንድ ተነሺ ሲሏት "እሳቸው እኮ ያፍራሉ" አለች። ማስረጃ ስለሌለው ሥራው እንዳልተሠራ ተቆጥሮ፣ እህታችን ለሚቀጥለው የማዕድ ማጋራት ፕሮግራም ወንበር እንድትደረድር ተመድባለች።