ሶፍት በሴንቲ ሜትር አይሰፈርም

ቢሮ የተከራየሁበት ሕንፃ አስተዳደር ሰሞኑን ሶፍቱን ከሽንት ቤቶቹ አንስቶ ኮሪደሩ ላይ አንድ ማሽን ሰቅሏል። እጅ ከሥሩ ሲዘረጋ ብጣሽ ይሰጣል፤ ሁለተኛ የፈለገ ደቂቃዎች ቆሞ ይጠብቃል። ተከራዮች ተሰብስበን ቅሬታ ብናቀርብ ሥራ አስኪያጁ የሰጡን መልስ ይህ ነው፦ «ሶፍት እየተሰረቀ አስቸግሮናል። ማሽን ደግሞ ለማንም አያዳላም። ቻይናም የሚሠራው እንደዚሁ ነው።»

በስርቆቱ አልከራከርም። ጥቅል ሶፍት በቦርሳ እንደሚወጣ እኔም አውቃለሁ። ያንገበገበኝ «አያዳላም» የሚለው ቃል ነው።

ከማሽኑ በፊት በሩ ላይ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሶፍቱን አጣጥፈው በእጃቸው ይሰጣሉ። ልጅ ላዘለች ደረብ ያደርጉላታል። ሆዱን ይዞ ለመጣ ሰው ሳይጠይቃቸው ጥቅሉን እንዳለ ያቀብሉታል። አንዲት ልጅ ቀረብ ብላ በጆሯቸው ስታንሾካሹክ ምን እንደደረሰባት ወዲያው ይገባቸዋል። ይህ አድልዎ ከተባለ፣ አዎ ያዳላሉ፤ ማዳላትም አለባቸው! ተቅማጥ ያጣደፈውን ሰውና እጁን ሊጠርግ የገባውን ጎረምሳ እኩል መስፈር ጭካኔ ነው። ደግሞስ ሰው ምን ያህል ሶፍት እንደሚበቃው የሚያውቀው ከገባ በኋላ አይደለም ወይ? ማሽኑ ግን ገና ሳይገባ ይወስንለታል። ያልበቃው ምን ያድርግ? ልብሱን ሰብስቦ ወደ ኮሪደር ይመለስ? የወር አበባዋ ድንገት የመጣባት ልጅ አላፊ አግዳሚው እያያት ደቂቃ ትቁጠር?

ባለፈው ሐሙስ ከዘራ የያዙ አንድ አባት ማሽኑ ሥር እጃቸውን ሲዘረጉ አየሁ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ቀጥሎ መዳፍ የማይሞላ ብጣሽ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ቀይ መብራት በራ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። አንገታቸውን ደፍተው ያቺኑ ብጣሽ ጨብጠው ገቡ። ውስጥ ደግሞ የሰፈሩ የውኃ ፈረቃ ባለመሆኑ ቧንቧው ደርቋል። ውኃ በሌለበት ሽንት ቤት ሶፍት የሚቆጥብ አስተዳደር ለማን ነው የሚያስተዳድረው?

ቻይናን የጠቀሱትም ታሪኩን ሳያጣሩ ነው። ቤጂንግ የሚገኘው የሰማይ ቤተ መቅደስ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ፊት የሚለይ ማሽን ተክሎ ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሶፍት ይሰጥ ጀመር፤ ያው ሰው ተጨማሪ ለማግኘት 9 ደቂቃ መጠበቅ ነበረበት። ማሽኑ እያስቸገረ ሠራተኞች አጠገቡ ቆመው ሰዉን ይረዱ ነበር። እንግዲህ ሰው ከበሩ ካልጠፋ ማሽኑ ለምን አስፈለገ? ዶንግጓን በምትባለው ከተማም ሕዝቡ «ፊታችን ለሶፍት ተብሎ አይቀረጽም» ብሎ ስለተቆጣ እ.ኤ.አ. በ2020 መሰል ማሽኖች ሥራ እንዲያቆሙ ተደርጓል። ቻይናውያን ራሳቸው ያመረሩበትን ነገር እኛ ለምን እንደ ሥልጣኔ እንቀበል?

ስርቆት ለማቆም ደግሞ የኤሌክትሪክ ዓይን አያስፈልግም። ጃምቦ ሮል የሚባለው ትልቁ ጥቅል በቁልፍ የሚዘጋ የፕላስቲክ መያዣ አለው። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ይሰቀል። ሰው የሚበቃውን ይጎትታል፤ ጥቅሉን ግን ያለ ቁልፍ አያወጣውም። ባትሪ አልቆ ሰው መሐል መንገድ ላይ አይቀርም። ሳይነኩት የሚሠራ ማሽን ቦታው መታጠቢያው አጠገብ ነው፤ እጅ ማድረቂያ ወረቀት ይስጥ፣ እርጥብ እጅ ሁሉ የሚጨብጠው እጀታ ይቅር። እዚያ ቢሰቅሉት አመሰግናለሁ።

ለጽዳት ብለን በየወሩ እንከፍላለን። እኚያ እናት ግን አሁን መኪና ማቆሚያውን እየጠረጉ ነው። እሳቸው ወደ በራቸው፣ ሶፍቱም ወደየክፍሉ ይመለስ። የሚቀጥለውን ወር ኪራይ የምከፍለው ይህንኑ በደብዳቤ አስገብቼ፣ ፊርማ አስፈርሜ ነው።