ካሬ ከጣሊያንኛ አልመጣም
ስለ ካሬ ቅርጽ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ካሬ» የጣሊያንኛ ቃል ነው ይላል። የጣሊያንኛው «ኳድራቶ» ነው፤ ድምፁ አይገጥምም። የኛ ካሬ የፈረንሳይኛው «ካሬ» ነው። ሁለቱም ግን ከላቲኑ «ኳድራቱስ» ይወለዳሉ፤ የዚያም ሥር አራት ቁጥር ነው። ግራ መጋባቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጽሑፉ ካሬን «አራቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ» ብሎ ማለፉም አይበቃም፤ ሮምበስም (ጎኖቹ እኩል ሆነው ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ላይሆኑ የሚችሉ ቅርጽ) እንደዚያው ነው። ለመለየት ከማዕዘን እስከ ተቃራኒ ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፎች ይለኩ። ጎኑ 3 ሜትር ከሆነ ሁለቱም 4.24 ሜትር ገደማ መምጣት አለባቸው። ከተበላለጡ ቅርጹ ተንጋዷል።

ሌላው የተለመደ ስህተት የካሬን ጎን ከስፋቱ ጋር ማምታታት ነው፦ ጎኑ 10 ሜትር የሆነ ካሬ ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር ነው። ስፋቱ 10 ካሬ ሜትር የሆነው ግን ጎኑ 3.16 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።