የ15 ደቂቃውን ምርመራ በ4 ደቂቃ

የወባ ፈጣን ምርመራ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ችሎታ እየዞሩ የሚገመግሙ ሱፐርቫይዘሮች አመስጋኝ አጥተው ኖረዋል። ዛሬ እኔ አለሁላቸው። እስቲ አስቡት፣ ምርመራው ራሱ ውጤት ለመስጠት እንደ ካሴቱ (ደም ጠብ የሚልባት፣ ውጤቱን በመስመር የምታሳይ ትንሽ ፕላስቲክ) ዓይነት 15 ወይም 20 ደቂቃ ይፈልጋል። እነሱ ግን መርማሪውን አይተው፣ ነጥብ ሰጥተው ለመጨረስ 4 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ሳይንስ እንዲህ ተበልጦ አያውቅም።

አንዱን በሥራ ላይ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ያውም ጣቴን አዋጥቼ። ትኩሳት ይዞኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። መርማሪዋ የቀለበት ጣቴን በአልኮል ጠርጋ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። በሩ ተከፈተ። ቦርሳ፣ ባጅ፣ ቼክሊስት።

"ቀጥይ እህቴ፣ እንደሌለሁ ቁጠሪኝ" አላት።

ቀጠለች። ማሸጊያውን ቀደደች፣ ጣቴን ወጋች፣ ላንሴቱን ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣለች። ደሙንም በመቅጃዋ ስባ ካሴቱ ላይ በቦታው አኖረችው። የሚፈለገው ደም አብዛኛውን ጊዜ 5 ማይክሮሊትር ነው፤ ከአንድ ጠብታ በብዙ ያንሳል። እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ቆንጆ ሠራተኛ ናት። ከዚያ ቡፈሩን፣ ደሙን ካሴቱ ላይ የሚያስኬደውን ፈሳሽ፣ አነሳች።

"አንድ... ሁለት..."

"የባለፈው ወር ሪፖርት የት ነው ያለው?"

"መደርደሪያው ላይ ነው፤ ላምጣልዎት?" ቡፈሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። "...ሦስት?"

ስንት ጠብታ እንደገባ እግዜር ይወቅ። ቁጥሩ እንደየአምራቹ ይለያያል፤ ሲበዛም ሲያንስም ውጤቱን ያበላሻል። ሰውየው ግን ቀና ሳይል "ትክክለኛ የቡፈር መጠን ጨምራለች" የሚለው ላይ ራይት አደረገ። እግረ መንገዱንም "ውጤቱን በሰዓቱ አንብባለች" የሚለውን አዎ አለው። ውጤቱ ገና አልወጣም እኮ! እንዲህ ያለውን ሰው ድሮ ነቢይ ይሉት ነበር።

ከዚያ መዝገቡ ወረደ። የሱፐርቪዥን ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። እጅ ሊሳሳት ይችላል፣ መዝገብ ግን አደብ አለው። ገጽ ተገለጠ፣ ድምር ተደመረ፣ አንዲት ያልተሞላች ሳጥን ተገኘች። ተቆጣ። ተሞላች። ደስ አለው። የእኔ ካሴት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ብቻዋን ቀርታለች። 15 ደቂቃዋ አለፈ። 30 አለፈ። አብዛኛው መመሪያ ከ30 ደቂቃ በኋላ የሚታየውን አትመኑ ይላል፤ ዘግይታ የምትመጣ መስመር የሌለ ወባ ልታሳይ ትችላለች። ግን ማን ነው ሪፖርት አቋርጦ መስመር የሚያይ?

በነገራችን ላይ፣ ሰሞኑን ወባ ታክሜ እንደነበር የጠየቀኝ የለም። ብዙዎቹ ካሴቶች የሚያነፈንፉት የወባ ፕሮቲን ሰው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ የዳነውም ወባ አለበት ሊባል ነው። ቼክሊስቱ ላይ ስለሌለ ጥያቄው አያስፈልግም ማለት ነው።

ከዚህ ሰው ጋር የማይወዳደሩ አንዳንድ ደረቆች አሉ። ዓይናቸው የመርማሪው እጅ ላይ ተተክሎ ይውላል። ጓንቱ ለየታካሚው ተቀይሯል ወይ ይላሉ። ማሸጊያው ላይ ያለውን የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ ያነባሉ። ሰዓት ይዘው 15 ደቂቃ ሙሉ ይቀመጣሉ! ይባስ ብለው ውጤታቸው የታወቀ የካሴት ፎቶዎች ደርድረው "እስቲ አንብቢ" ይላሉ። አንዱ ላይ በመስኮት ብርሃን ካላዘነበሉት የማትታይ ደብዛዛ መስመር አለች፤ ብትደበዝዝም ወባ አለ ማለት ናት። ሌላው ላይ የወባዋ መስመር ደምቃ የመቆጣጠሪያዋ፣ ካሴቱ በትክክል መሥራቱን የምትናገረው፣ ጠፍታለች፤ እሱ ዋጋ የለውም፣ ይደገማል። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? እንዲህ ከተደረገ እኮ የሰው ስህተት ሊገኝ ነው።

ጥናትም ይጠቅሳሉ። ዛምቢያ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ነው። የአምራቹን መመሪያ ብቻ የተሰጣቸው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በትክክል የሠሩት ከምርመራው ቅደም ተከተል 57 በመቶውን ነበር። በሥዕል የተዘጋጀ አጋዥ ወረቀት ያገኙት 80 ደረሱ። ወረቀቱ ላይ የ3 ሰዓት ሥልጠና የተጨመረላቸው ደግሞ 92። ይህ ሁሉ ልፋት ለ92! የእኔ ሰውዬ በ4 ደቂቃ 100 ያመጣል፣ ያውም ሥዕልም ሥልጠናም ሳያባክን።

በ45ኛው ደቂቃ ገደማ ፊርማ ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሱ። እኔም ጣቴን በጥጥ እንደያዝኩ ፎቶው ጥግ ላይ ገብቻለሁ። "ጎበዝ ናችሁ፣ በዚሁ ቀጥሉ" ብሎ ወጣ። የቼክሊስቱ ቅጂ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። 100 በመቶ።

መርማሪዋ ያኔ ካሴቷን አስታወሰች። አነሳቻት፣ ሰዓቷን አየች፣ ፊቷ ቀላ። "ይቅርታ፣ ይሄ አይነበብም። እንደገና ልውጋዎት ነው።"

ሌላኛውን እጄን ሰጠኋት። አዲስ ማሸጊያ ቀደደች፣ ስልኳ ላይ አላርም ሞላች። ጠብታውንም አሁን የሚገመግማት ሰው ስለሌለ በደንብ ቆጠረችው።